ከሪማ በእንግሊዝኛ

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከሐጂ መሐመድዘይን ልብስ ስፌት ጎን፣ የምልኬሳ ኮንቴይነር አለች። ኮንቴይነር ትባል እንጂ ግማሽ ናት፤ ሌላውን ግማሽ ጁስ ቤት ይዞታል፣ አቮካዶ በተፈጨ ቁጥር የምልኬሳ መቁረጫ ማሽን አብራ ትንቀጠቀጣለች። ሥራው ስቲከር ነው። ባጃጅ መስታወት ላይ፣ ሚኒባስ ቂጥ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ ተለጥፎ የምታዩት ጽሑፍ ከእሱና ከመሰሎቹ እጅ ነው የሚወጣው። ትምህርቱን እንደሆነ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሚኒስትሪ ፈተና ጋር ተጣልተው እስከ ዛሬ አልታረቁም። ግን ለግማሽ አዳማ እንግሊዝኛ የሚጽፈው እሱ ነው። እግዜርም ቀልድ ያውቃል።

ምልኬሳ ደግሞ ተንኮል ይወዳል። ሰው የሚጎዳ ተንኮል አይደለም፤ የተኛ ውሻ ጅራት ላይ ጣሳ የማሰር ዓይነት ነው። የባጃጅ ሹፌሮች በብዛት የሚያስቆርጡት «ማሻአላህ» ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ታዲያ ለአንዱ በአንድ ኤል ይቆርጥለታል፣ ለሌላው በሁለት። ለሌላው ደግሞ መሀሉ ላይ ኤ ይደርብና መጨረሻው ላይ ኤች ይቀጥልለታል። ከዛ ተራ ይዘው በቆሙበት ይሄድና አንድ በአንድ ወደ ጎን እየጠራ፣ «ልኩ ያንተ ነው፣ የነሱን ተወው» ይላል። ለሁሉም እንደዚሁ። ከሰዓት በኋላ ተራው ላይ ጠብ ነው። ተያይዘው ሐጂ ጋ ለዳኝነት ይመጣሉ።

ሐጂ መሐመድዘይን ጀለቢያ ሰፊ ናቸው። ሜትራቸው ካንገታቸው አይወርድም፤ መስጊድም ይዘውት ይገባሉ እየተባለ ይታማሉ።

«ሁሉም ልክ ነው» ይላሉ፣ ክሩን ከጥርሳቸው ሳያወጡ።

«እንዴት ሁሉም ልክ ይሆናል ሐጂ?»

«ሁሉም ልክ አይደለም ልበላችሁ? እሱም ያው ነው። ሂዱ ሥሩ።»

ሹፌሮቹ እያጉረመረሙ ሲሄዱ ምልኬሳ ኮንቴይነሯ ውስጥ አጎንብሶ ይስቃል። «አንተ ሸይጣን» ይሉታል ሐጂ በግድግዳው ወዲያ። «ሰምቼሃለሁ።»

ይሄ ሁሉ ሳቅ ግን ከጥርሱ አልፎ አያውቅም። ምክንያቱም እሱ ራሱ አንዲት ዐረብኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲፈልግ ከርሟል፣ አላገኛትም። ከሪማ። ከሪማ እህቱ ናት። እህቱ ግን ከሪማ አይደለችም፤ ጂቱ ናት፣ ጂቱ ፈይሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂቱ ሳዑዲ ልትሄድ ስትነሣ ደላላው «በሙስሊም ስም ከሆነ ቶሎ ያልቃል» አለ። ያኔ ብዙ ሰው ያደርገው ነበር፤ በአንድ ስም አድጋ በሌላ ስም አውሮፕላን የተሳፈረች ሴት አዳማ ውስጥ ሞልታለች። ቤታቸው ደግሞ የጴንጤ ቤት ነው። እናታቸው አረጋሽ ከወለንጪቲ ሽንኩርት እያስመጣች ታከፋፍላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእህቶች ጸሎት ኅብረት መሪ ናት፤ እምነት ላይ ቀልድ አታውቅም። ግን እሺ ያለችው እሷ ናት። ከሪማ የሚለውንም ስም የመረጠችው እሷው ናት። «ስም ልብስ ነው» አለቻት፣ «ስትመለሺ ታወልቂዋለሽ።» የአባትም ስም ያስፈልግ ስለነበር ሟቹ ፈይሳ መቃብር ውስጥ እንደተኛ ፈይሰል ተባለ። እሱንማ ማን ይጠይቀዋል።

ልትሄድ ሰሞን የጸሎት እህቶች ቤት መጡ። ሻንጣው ሳሎን መሀል ተቀመጠ፣ ፓስፖርቱ ከላዩ፣ ሁሉም እጃቸውን ጫኑበትና በኢየሱስ ስም ባረኩት። ውስጡ ከሪማ ፈይሰል ይላል። አንዷም ገልጣ አላየችም። ያውቁ ነበር፤ ስለሚያውቁ ነው ያልገለጡት። ምልኬሳ ያኔ ልጅ ነበር፣ ጥግ ላይ ቆሞ በሳቅ ሊፈነዳ ሲል ጂቱ በክርኗ ጎሸመችው። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ሄደች። ጂዳ ገባች። ዓመታት በኢሞ ትደውል ነበር፤ በቤቱ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያለበሰችው፣ የምልኬሳን መቁረጫ ማሽን የገዛችው እሷ ናት። ከዛ አንድ ቀን ድምጿ ጠፋ። ስልኳ አይሠራም። አረጋሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ጸሎት ኅብረቱ በየቅዳሜው «ጌታ ሆይ፣ ጂቱን ካለችበት ጉድጓድ አውጣት» እያለ ይጮኻል። አረጋሽ ምልኬሳን ደግሞ፣ «አንተ በዚህ ስልክ የማታገኘው ነገር የለም፤ እህትህን አግኛት» አለችው።

ፌስቡክ ላይ ተቀመጠ፣ ቲክቶክ ላይ ተቀመጠ። ከሪማን በኬ ሲጽፍ የከሪማ ጎርፍ መጣ። በሲ ጻፈ፣ በኪው ጻፈ። ሪ የምትለዋን በአይ ጻፋት፣ በሁለት ኢ ጻፋት። መጨረሻው ላይ ኤች ሲጨምር ሌላ አገር ሕዝብ ከነነፍሱ ተነሣ፤ ሁሉም ሻርፕ የለበሰ፣ ግማሹ በፊቱ ፋንታ ጽጌረዳ የለጠፈ። ፈይሰል ደግሞ ሲጨመርበት ወንዱም ገባ። ዓይኑ ቀላ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ ጋ ገባና በርጩማ ላይ ዘጭ አለ።

«ሐጂ፣ የእናንተ ዐረብኛ እንግሊዝኛ ፊደል ላይ ሲወጣ ለምንድነው እንዲህ የሚዝረከረከው? አንድ ስም እኮ ነው።»

ሐጂ የሚሰፉትን እጅጌ ገለበጡ። «የኔ ስም ማነው?»

«መሐመድዘይን።»

«ለሐጅ ስሄድ ፓስፖርቴ ላይ በኦ ጻፉኝ። ባንክ በዩ ጻፈኝ። ጤና መድኅን ያለችው ልጅ በኢ ጽፋኝ፣ ዘይንን ለብቻው ገንጥላ አባቴ አደረገችው። ይኸው ሦስት ሰው ነኝ። አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይቀብሩታል።»

«እኮ ለምን?»

«ዐረብ ሲጽፍ አጥንቱን ነው የሚጽፈው። ሚም፣ ሐ፣ ሚም፣ ዳል፤ መሐመድ አለቀ። መሀሉ ኡ ይሁን ኧ ይሁን አፍህ ያውቀዋል ብሎ ይተወዋል። እንግሊዝ ደግሞ ሥጋው ካልተጻፈለት ማንበብ አይችልም። ታዲያ ሥጋውን ማን ያልብሰው? ግብጹ በግብጽ አፍ ያለብሰዋል። ሞሮኮው ፈረንሳይ እንዳሳየው ያለብሰዋል። የኛ ጸሐፊ ደግሞ ሻዩን እየጠጣ እንደመጣለት ያለብሰዋል። አጥንቱም ቢሆን እኮ አይሟላለትም፤ ሐን ከጉሮሮ የሚያወጣበት ፊደል የለው፣ ሀ ብሎ ያልፋል።»

«እኛ አለን አይደል፣ ሐመሩ ሐ።»

«አለን። ስታነበው ግን እንደ ሃሌታው ነው የምታነበው። እና በሰው አትሳቅ።» ጨርቁን አራገፉ። «የእንግሊዝ ፊደል ለሌላ ሰው የተሰፋ ኮት ነው። ዐረቡ ሲለብሰው አንዱ እጅጌውን ያጥፈዋል፣ አንዱ ከታች ይቀጥልበታል። ልኩ ይሄ ነው የሚልህ ሰው ውሸቱን ነው።»

«እና ከሪማን በስንት ዓይነት ልፈልጋት?»

ሐጂ መቀሱን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ያንተ ስልክ ቁጥር ተቀይሯል?»

«አልተቀየረም።»

«የእናትህስ?»

«የሷማ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው።»

«እህ» አሉ ሐጂ። ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ምልኬሳ ነገሩ አልጣመውም፤ ሽማግሌ ሲደብረው እንደዚህ ነው ብሎ ወጣ።

የኮቱንና የአጥንቱን ነገር ግን ቤት ወስዶ ለእናቱ ነገራት። አረጋሽ በጣም ወደደችው። ለጸሎት እህቶችም አስተማረቻቸው። «ልጄማ አለች፤ ያስቸገረን እንግሊዝኛው ነው» ማለት ጀመረች። ከዛ ወዲህ ራት ሲበሉ ጥያቄዋ አንድ ነው።

«ሌላስ አጻጻፍ የለውም?»

«አለ።»

«ደግ። ነገ በሱ ሞክር።»

አንዳንዴ እህል አልወርድ ሲላት የሌለ አጻጻፍ ይፈጥርላታል። በዜድ፣ በደብሊው። እሷም «ይሄኛውስ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች። ባጃጆቹ ላይ የሚያስቀው ተንኮል እዚህ አላስቀውም።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን ጉቱ መጣ። ጉቱ አዳማ ሻሸመኔ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ኋላ መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ምልኬሳ ነው የሠራለት፣ ሁለት ፊደል አስቀርቶ። እስካሁን አልነቃም።

«ሥራ አምጥቼልሃለሁ አቦ። የሱቅ መስታወት፣ ሻሸመኔ። ‹ከሪማ አባያና ሒጃብ› ይበል ብላለች ሴትዮዋ። በአማርኛ፣ በቁቤ፣ በእንግሊዝኛ።»

«ሻሸመኔ ስቲከር የሚቆርጥ ሰው ጠፋ?»

«እኔም ያልኳት ይሄንኑ ነው። አዳማ፣ ልብስ ሰፊው ሐጂ ጎን ያለው ልጅ ካልሆነ አልፈልግም አለች። እሱ ራሱ መጥቶ ይለጥፈው አለች። ታውቅሃለች እንዴ?»

«ታዋቂ ነኛ።»

«ባጃጅ ተራ ውስጥ።»

«እንግሊዝኛውን እንዴት ይጻፍ አለች?»

«እንደፈለገ ይጻፈው፣ እሱ ያውቅበታል ነው ያለችኝ።»

ምልኬሳ እሷ ትሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጣበት። ወዲያው መለሰው። ከሪማ የሚባል ሰው በዛ አገር እንደ ድንች ነው፤ ስልኩ ውስጥ ስንቷን አይቶ የለ? ጂቱ ደግሞ ጂዳ ናት፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ በየቅዳሜው እንደሚባለው።

ቆረጠው። የሱቅ መስታወት ከውስጥ በኩል ነው የሚለጠፈው፣ ፀሐይና የልጅ ጥፍር እንዳይልጠው። ስለዚህ ተገልብጦ ነው የሚቆረጠው፤ መንገድ ላይ ላለው ሰው ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ ውስጥ ለተቀመጠው ግን እንግሊዝኛውም እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። እንግሊዝኛውን በሁለት ኢ ጻፈው፣ መጨረሻው ላይ ኤች ሰካበት። አመሉ ነው። ለእናቱ ባቱ ሥራ አለኝ አላት፤ ከሪማ የሚል ስም ሰምታ በከንቱ እንዳትጓጓ ብሎ ነው። ማለዳ ከጉቱ ጎን ተሳፍሮ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጎ ሻሸመኔ ገባ።

ሱቁ ጨርቅ ተራ ውስጥ ነው። ባለቤቲቱ ከላይ እስከታች ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ተሸፍና ከኋላ ቆማለች። እግሯ ሥር አንዲት ሕፃን ካርቶን ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ በእጇ መስታወቱን አሳየችው፣ ቃል አልተናገረችም። ጉቱ መኪናውን ሊያቆም ሄደ። ምልኬሳ መስታወቱን በሳሙና ውኃ አራሰ፣ ስቲከሩን አስጠጋ፣ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ውኃውን እየገፋ ማስወጣት ጀመረ።

«አሁንም ምላስህን አውጥተህ ነው የምትሠራው» አለ ከኋላው ድምፅ። «አንድ ቀን ነክሰህ ትቆርጠዋለህ።»

ፕላስቲኩ ከእጁ ሸርተት አለ። «ከ» ጠመመች።

«መጀመሪያ አስተካክላት፣ ሳትደርቅ» አለች ጂቱ።

አስተካከላት። ጀርባውን ሰጥቶ ብዙ አስተካከላት፤ ያልጠመሙትንም ፊደሎች አስተካከላቸው። ሲዞር ፊቷን ገልጣዋለች።

«ወፈርሽ» አለ።

«አንተም ጢም አብቅለሃል። ፍየል መስለሃል።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኛ እኮ ጂዳ ጉድጓድ ውስጥ ናት እያልን እየጸለይንልሽ ነው።»

«አሁንም?»

«በየቅዳሜው። እነ እትዬ ወርቄ ጉሮሯቸው ተዘግቷል ባንቺ የተነሣ።»

ጂቱ ሕፃኗን ከካርቶኑ አውጥታ ታቀፈቻት። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፣ የሰው ወሬ እንደሚያወራ።

«መጀመሪያ ስሙ ሲጠራ አልዞርም ነበር። ማዳም ‹ደንቆሮ ናት እንዴ የላኩልኝ› እያለች። ከዛ ለመድኩ። ሲጾሙ ጾምኩ፣ የሚበላ ስለሌለ። ሲሰግዱ ሰገድኩ፣ ማዳም በር ላይ ቆማ ስለምታየኝ። አስመስዬ ስሰግድ፣ አስመስዬ ስሰግድ፣ አንድ ቀን ማስመሰሌን ረሳሁት። በቃ። ማንም አላስገደደኝም። ባለቤቴን ያገኘሁት ከዛ በኋላ ነው፤ የኮፈሌ ልጅ ነው፣ አብረን ነው የተመለስነው።»

«እና ለምን አትደውዪም? ስልክ የለም እዚህ አገር? እኔ እንግሊዝኛ ስገለባብጥ ዓይኔ ሊጠፋ!»

ጂቱ ትክ ብላ አየችው። «አንተን ማን ነው ፈልጋት ያለህ?»

«እማዬ ናታ።»

«እማዬ» አለች። ስትስቅ ሕፃኗ አብራ ተንቀጠቀጠች፣ ግን ሳቅ አልነበረም። «ከጂዳ ሳልነሣ ደውዬ ነገርኳት። ሰልሜያለሁ፣ ላገባ ነው አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዛ ‹የተሳሳተ ቁጥር ነው› ብላ ዘጋችው። መስመር ተቀላቅሎ ነው ብዬ ደገምኩ። ‹ተሳስተሻል እህቴ፣ የምትፈልጊው ሰው እዚህ የለም› አለችኝ። እህቴ። እዚህ ከገባን በኋላ ደወልኩ፣ ሻሸመኔ ነኝ አልኳት። ያው። ይቺን ስወልድ ደወልኩ። ያው። የተሳሳተ ቁጥር።»

«ለኔስ?»

«ከእናትህ ጋ አንድ ቤት ነው የምትኖረው። ከሷ ላጣላህ? በኋላ ቲክቶክ ላይ ስቲከር ስትቆርጥ አየሁህ፣ የሐጂ በር ከጎን ይታያል። ቢያንስ ሱቄ በር ላይ እጁ ይኑር አልኩ።»

ምልኬሳ ተጣጥፎ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ራት ላይ ያለው ጥያቄ መጣበት። ሌላስ አጻጻፍ የለውም? ደግ፣ ነገ በሱ ሞክር። በዜድ ብሎ የዋሻት ቀን ‹ይሄኛውስ ሳይሆን አይቀርም› ያለችው። በየባጃጁ ሰው ያታለለ መስሎት ሲስቅ የኖረ እሱ፣ ቤቱ ውስጥ ከሱ የባሰች ተቀምጣ ኖሯል።

«ስሟ ማነው?» አለ ሕፃኗን እያየ።

«ሣራ። ለእማዬ ብዬ ነው ያወጣሁት። በሷም መጽሐፍ አለ፣ በኛም አለ። ማንም የሚያወልቀው ስም አይደለም።»

«ለእንግሊዝኛውም አያስቸግር።»

«ምኬ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ። የኔን ተወው። እማዬ የልጄን ድምፅ አንድ ጊዜ ትስማልኝ። ‹ሣራ› ትበላት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በማግስቱ ለሐጂ ነገራቸው። «አልሐምዱ…» ብለው ጀመሩና ፊቱን ሲያዩ የቀረውን ዋጡት።

«እናትህስ?»

«ታውቃለች። ድሮም ታውቃለች።»

«እህ» አሉ ሐጂ፣ እንደዛ ቀኑ።

ምልኬሳ ግን ዘዴ አውጥቶ ነበር። ስልኩን ለብቻዋ ቢሰጣት ትዘጋዋለች። ቅዳሜ፣ የጸሎት እህቶች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ድምፁን ከፍቶ ቢሰጣትስ? በነሱ ፊት እንዴት ብላ ነው የተሳሳተ ቁጥር የምትለው? እነሱ እኮ ናቸው ፓስፖርቱን የባረኩት። በሕይወቱ ከሠራው ተንኮል ሁሉ ለደግ የሠራው ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ የሚሳካ መሰለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎኑ ሞልቷል። እትዬ ወርቄ፣ ከሁሉም ትልቋ፣ ሶፋው ላይ ናቸው። ጸሎቱ ጂቱ ጋ ደርሷል። «ጌታ ሆይ፣ ካለችበት ጨለማ…» ሲሉ ምልኬሳ ገባና የሚጠራውን ስልክ እናቱ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ላንቺ ነው እማዬ።»

ጸሎቱ ቆመ። ስልኩ ሳሎን መሀል ተነሣ።

«አሎ» አለች ሕፃን። አፍንጫዋ የታፈነ ነው።

አረጋሽ ምልኬሳን አየችው። ስልኩን አየችው። «ማን ልበል?»

«ሣራ።»

አንዷ ሴት «ወይ ሲያምር» አለች። አረጋሽ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ከወዲያ በኩል ሹክሹክታ ተሰማ፤ ሳሎኑ በሙሉ ሰማው። «የጂቱ በያት።»

«የጂቱ» አለች ሕፃኗ።

የጂቱን ድምፅ እዛ ቤት የማያውቅ ሰው አልነበረም። መዝሙር ትመራ የነበረች ልጅ ናት። ምልኬሳ የእናቱ ከንፈር ሲከፈት አየ፤ መጣ፣ አሁን መጣ አለ በሆዱ። ጣቷ ስልኩ ጀርባ ላይ ነጭ ሆኗል።

«ተሳስተሻል የኔ ልጅ» አለች አረጋሽ። በጣም በለሰለሰ ድምፅ ነው ያለችው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። «የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

ዘጋችው። ስልኩን ለልጇ መለሰችለት።

ምልኬሳ ሴቶቹን አያቸው። አንዷ ብትናገር ብሎ ጠበቀ። አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች። አንዷ ምንጣፉ ላይ የወደቀ ፍርፋሪ ለቀመች። ያውቁ ነበር፤ ፊታቸው ላይ መደንገጥ እንኳ የለም። እትዬ ወርቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንቀጥል» አሉ። «ጌታ ሆይ፣ ልጃችን ጂቱን ካለችበት አውጥተህ ወደ እናቷ ቤት መልሳት።»

«አሜን» አለ ሳሎኑ።

«አሜን» አለች አረጋሽ። እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል፤ የእውነት እንባ ነው፣ የውሸቱን ምልኬሳ ያውቀዋል።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ ስትሰበስብ እሱ በሩ ላይ ቆመ። ሊሳደብ አስቦ ነበር፣ ስድብ ሞልቶታል፣ ግን ለእናት የሚሆነው ስድብ የትኛው እንደሆነ አላወቀም። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ደረደረች። ዞር ሳትል ተናገረች።

«ልጅቷ አፍንጫዋ ታፍኗል። ጉንፋን ነው?»

«የተሳሳተ ቁጥር ነው አላልሽም?»

እጇ ብርጭቆው ላይ ቆመ። የት ሄደህ ነበር ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም ባቱ ካላት ወዲህ ሌላ አገር ስም አልጠራም።

«ነው» አለች። «ሻሸመኔ ግን ብርድ ነው። አይሸፍኗትም እንዴ?»